ገበር

መኪና ግርግር ነው፣ የረምዚ ፎቶ ቤት፤
ከሥሩ ሲንጀሮች፣ ይንጫጫሉ ከጠዋት።
ሦስት ቀን ሙሉ ማውሱ፣ ከእጄ እያዳለጠኝ፣
ላጲሱ የሙሽራ፣ ጆሮ አስቆረጠኝ።
«ሌየር ምንድን ነው?» ስል፣ ረምዚ ሳቅ አለና፣
በመስኮት አሳየኝ፣ የአባቴን መኪና፤
«ኮት ሲሰፋ አላየህም? ገበሩ፣ ከዚያ ፊቱ፤
አንዱ ቢተረተር፣ ሌላው እንደ ጥንቱ።»

ሐሙስ ኢንቲሳር መጣች፣ የሠርጓን ፎቶ ይዛ።
«ሰውየውን አውጣው፣
ትከሻዬ ላይ ያለ እጁን ጭምር፤
ሐብሉን እንዳትነካ፣ የእናቴ ነው።»

ሰውየውን ከብቤ፣ ለብቻው ሌየር አወጣሁት፤
ሥሩን በግንቡ አረንጓዴ፣
በግራ ትከሻዋ ጨርቅ፣
ጣት በጣት ደፈንኩት።
ኮንትሮል ዜድ ስንቴ እንደጠራሁ፣ ኮምፒውተሩ ይቁጠረው።
ላጠፋው ስል ረምዚ፦ «ተው! ዓይኑን ብቻ ዝጋው።»
ትንሿን ዓይን ስነካት፣ እሷና ግንቡ ቀሩ።

ረጅም አየችው። ብሩን ቆጥራ ከፈለች።
ደረጃው ጋ ደርሳ ተመለሰች፤
«ከሥር... አለ አይደል?» አለች።
«አለ።»
ሌየሩ ስም ይፈልጋል፤ ስሙን ጠየቅኳት።
ዝም አለች፤ ሐብሏን ነካች።
«ገበር» ብዬ ጻፍኩለት።