የአሥራ አምስት ፈረስ ጥም

ኖኖውቲ ደሴት፣ ኪሪባቲ፤ ዝናብ በቀረበት ዓመት

ደሴታችን ጠባብ፣ ወንዝ አይፈስበትም፣
ኮረብታ የለውም፣ ፈረስ አያውቀውም፤
በዚህ ጫፍ ላስነጠሰ ከዚያ ጫፍ «ይማርህ» ይሉታል፤
ማዕበል ሲያዛጋ ደጃፋችን ይደርሳል።

አባቴ ባውሮ ግን አሥራ አምስት ፈረስ አለው፣
ከጀልባው ጭራ ላይ በሁለት ብሎን ያሰረው።
ሣር አይግጡም፤ ዘይት የነካው ቤንዚን ይቀለባሉ፤
ከባሕር ሲመለሱ ግን እንደ ሰው ይጠማሉ።

ዓሣውን ሳያወርድ፣ ቁምጣውን ሳይቀይር፣
ግማሽ በርሜል ጎትቶ ያቆማል ከደጁ ሥር፤
የሞተሩን እግር ነክሮ ገመዱን ይስባል፤
ያ ሽማግሌ ሞተር ያንኮራፋል፣ ያስላል።
ከጎኑ ቀጭን ውሃ እንደ ሕፃን ሽንት ሲፈስ፣
ጣቱን ነክሮ ይልሳል፣ እስኪጠፋ የጨው መንፈስ።
«ገና ነው» ይላል። ይልሳል። «ገና ነው»። ይልሳል።
ምላሱ ከደጅ የቆመ ኬላ ጠባቂ ይመስላል።
ከዚያ የቤንዚኑን ቱቦ ይነቅላል፤ የተረፈው
ነዶ ነዶ ሲያልቅ ነው ሞተሩ ዝም የሚለው።

ከጉልበቱ በታች ዚንክ የምትባል ቁራሽ አለች፤
ጨው ብረት ሊበላ ሲመጣ «እኔን!» ትላለች።
በየወሩ ትከሳለች። አባቴ ይዳብሳታል፤
«ስለ ሌላው ተበዪ» ብሎ ስም አውጥቶላታል።
ጨውን በሌላ አገር «ለራስህ ስትል ጣፍጥ» ይሉታል፤
እዚህ ማን ይመክረዋል? ሳይጠሩት ገብቶ ይበላል።

በዚያ ዓመት ዝናብ ቀረ። አሸንዳው ሸረሪት አደራበት፤
እናቴ ሮቲያ ታንኩን አንኳኩታ ልኩን ሰማችበት።
ከላይ እስከ ጉልበቷ ባዶ ነው፤ እንደ ከበሮ ይጮኻል፤
ከጉልበቷ በታች ድምፁ ወፍሮ ይመልሳል።
ለሕፃኗ ማሬታ ሁለት ጣሳ፣ ለሩዙ አንድ፣
ለእኛ ለእያንዳንዳችን ግማሽ።

አባቴ ባልዲ ይዞ መጣ። «ለምን?» አለች።
«ለፈረሶቹ።»
ክዳኑ ላይ ተቀመጠች።

«ልጅ ከሞተር ይበልጣል» አለችው። አልመለሰም።
ባልዲውን ደፍቶ ሄደ፤ ሞተሩ አልታጠበም፤
አንድ ሳምንት፣ ሁለት፣ ሦስት። ጨው በደም ሥሩ ውስጥ
ነጭ ግድግዳ ገነባ፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይደነግጥ።

ሐሙስ ዕለት ከኮራሉ ማዶ፣ ወፍ ሲያንዣብብ፣ ቱናው ሲያብድ፣
ያ ቀጭን ሽንት ቆመ። ቀጥሎ ሽታ፣ ጎማ ሲነድ።
ከዚያ ዝም።
«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ያለው ሰው፣
አድርሶ ስለሚቀር ፈረስ ምን ተረት አለው?

አባቴ ሲቀዝፍ አደረ። እኛ ከዳር ቆመን፣
የኮኮናት ቅጠል አንድደን፣ ጨለማውን እያየን።
ሊነጋጋ ሲል መጣ፤ መዳፉ እንደ ዓሣ ተተልትሎ፣
አንድም ቃል ሳይናገር፣ ሞተሩን ጀርባው ላይ አዝሎ።

እናቴ አየችው። ከታንኩ ክዳን ላይ ተነሳች፣
ይህን አልረሳውም፤ የራሷን ድርሻ ቀዳች፣
አልጠጣችም። በርሜሉ ውስጥ ገለበጠችው።
ግማሽ ጣሳ! ወለሉን እንኳ በወጉ አላረጠበችው።
ከዚያ እኔ። ከዚያ አጎቴ ቲያኪ። ከዚያ ጎረቤት፣
አንዱ በጀሪካን፣ አንዷ በብርጭቆ፣ ከየቤት፣
ከአባቴ መረብ የበሉ ሁሉ፣ ያልበላም አንድ፣
ሲቀዱ ሲደፉ፣ ሲሄዱ ሲመጡ በአንድ መንገድ።

አባቴ በካልሲ ቋጥሮ ያኖረውን ጎማ ፈታ፣
የቀለጠውን አውጥቶ አዲሱን በቦታው ተካ፤
ጨዉን በሽቦ ፋቀው፤ እንደ አሮጌ ኖራ ረገፈ።
ገመዱን ሳበ። ዝም። ሳበ። ዝም። ትንፋሹን ዋጠ።
ሳበ።
ሳለ ሞተሩ። ቀጭኑ ውሃ ተመለሰ።

ጣቱን ዘረጋ፣ ላሰ። «ገና ነው።»
እናቴ ገፋ አድርጋው የራሷን ጣት ደቀነች፤
ቀመሰች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ጥቂት ቆየች፤
«አሁን» አለች።

በርሜሉ ውስጥ የቀረውን በባልዲ ቀድታ፣
የማሬታን ጨርቅ አጠበች፣ ገመድ ላይ ዘርግታ።
ዝናቡ ግን ከዚያም በኋላ አርባ ቀን አልመጣም።