ሁለት ስም፣ አንድ ቤት

ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ከፖስታ ቤት በላይ፣
ከአምስተኛው ፎቅ ላይ፣ መስኮት ዳር ሆኜ ሳይ፣
ከፒያሳ ለገሃር፣ ከለገሃር ፒያሳ፣
ያው ሚኒባስ፣ ያው ጥሪ፣ የረዳቱ ድምፅ እስኪሳሳ፦
"አንድ ሰው! አንድ ሰው!"

እኔም ዙር አለኝ፤
የውሃ ቆጣሪ ንባብ በታሪፍ ሲያባዛ የሚያድር፣
ከደንበኛ ደንበኛ፣ ከሰፈር ሰፈር።
ሚሊዮን ጊዜ ዞሮ፣ ታሪፉን ሚሊዮን ጊዜ ከፍቶ ማየት፤
አንዴ አይቶ በኪሱ ቢይዘው ምን አለበት?

ኮምፓይለሩ ግን አይደፍርም።
"ታሪፉ ያለበት ቤት፣ ድምሩ የሚጻፍበት ቤት፣
ሁለት ስም እንዳላቸው አየሁ፤
ሁለት ስለመሆናቸው ግን ማን መሰከረ?
በአንዱ ስም ስጽፍ የሌላው ቢለወጥስ?"
ይላል። ይመለሳል። ያያል።
ይመለሳል።

አባቴን ነው የሚመስለኝ።
አቶ ሽመክት፣ የማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ጠባቂ፣
ከምድር ቤት አቧራ ጋር ሠላሳ ዓመት ተናናቂ፣
ለአንዲት ማመልከቻ፣ ለየመስመሩ፣
ያንን ሁሉ ደረጃ የሚወርደው በእግሩ።
"አሁን አላየኸውም ወይ?" ሲሉት ባለጉዳዮች፣
"ያየሁት ቅድም ነው፤ ቅድምና አሁን አይደሉም ጓደኞች።"

ከተማው ደግሞ ቁጥር የለሽ በር፣
የክርስትና ስም፣ የቤት ስም፣ የሰፈር፤
አንዱ "ከወይዘሮ የውብዳር ግቢ ጎን"፣
አንዱ "ከአምሳ አለቃው ጀርባ" ብለው ሲካሰሱ፣
አንድ ጉድጓድ መሆኑን ያወቀው ወርዶ ያየው እሱ።
ሰው ግን ረገመው። ወረፋው እስከ አስፋልቱ፤
"ነገ ና" ሆነ የቤታችን መጠሪያ፣ ምልክቱ።

ባልደረባዬ ይትባረክ፣ "አጥብቆ ይመርምር" አለኝ፣
"ስሞቹን ሁሉ ያፋጥጥ፣ ያኔ ይገላግልሃል።"
አፋጠጠ። የአራት ደቂቃው ሥራ አርባ ሆነ።
በሠላሳ ስምንተኛው መብራት ሄደ፤
ጄነሬተሩ እያጓራ እንደገና ከሀ ተጀመረ።
ለካ ማጣራትም ያስከፍላል፣
ያውም ገና አንዲት ዙር ሳትዞር።

ማልኩ እንግዲህ።
አንዲት ቃል ጻፍኩ ከስሞቹ ፊት፦ "አይነካኩም፤ እኔን እመነኝ።"
አመነኝ።
ታሪፉን አንዴ አየ፣ ኪሱ ከተተ፣ በረረ፤
አራት ሰዓት የሚያዘግመው በአሥር ደቂቃ ሠመረ።
ይትባረክ ጀርባዬን መታኝ። ማኪያቶ ጋበዘኝ።

በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ ዘርፈሽዋል መጡ፣
አንድ ቧንቧ ያላቸው፣ ያውም በፈረቃ፣
በእጃቸው የሆቴል የሚያህል ሂሳብ።
ከኋላቸው ሰልፍ። እስከ አስፋልቱ።

ከእኔ በፊት የነበረ አንድ ሰው፣ ስሙን የማላውቀው፣
በሌላ ስም እየገባ እዚያው ቤት፣
ታሪፉን ለየደንበኛው ይቀይረው ኖሯል።
በዝርዝሩ አናት ላይ የነበረው ሆቴል ነው፤
እኔ በማልኩ፣ ከተማው ሁሉ ሆቴል ሆነ።

አባቴ የሞተ ቀን ትዝ አለኝ።
ሁለት ዕድር መጣ፤ የሰፈራችን ለሽመክት፣ የጎላው ለኪዳኔ፤
ከድንኳኑ ጥግ አንድ ልጅ ቆሟል፣ ግንባሩ የኔ።
እናቴ አየችው። አግዳሚው ላይ ጠጋ አለች፣
ቦታ ለቀቀችለት።
የሰው ሁሉ ስም ሲያመሳክር የኖረው ሰው
የራሱን በየትኛው መዝገብ እንዳኖረው
እስከዛሬ አልጠየቅኩም።

ዛሬ መሐላዬን ሰረዝኩ።
ኮዱን መልሼ ሰጠሁ፤ አርባ ደቂቃ አለኝ።
ይመለሳል፣ ያያል፣ ይመለሳል፤ ይመለስ።
መስኮቱን ከፈትኩ፤ ታች በቸርችል ቁልቁለት
ያ ረዳት፣ ግማሽ ገላው ውጭ፣
በተሰነጠቀ ድምፅ፣
"አንድ ሰው!" ይላል፣
"አንድ ሰው!"