ባለቀዳዳው ድንጋይ

ሲኖትራኩ መጣ፣ ገና ሳይነጋጋ፣
ቀይ ጠጠር ዘረገፈ ከብሎክ ሰባት ጋ።
ከቱሉ ዲምቱ ነው፣ ከቀዩ ኮረብታ፤
ኤብሴ ወረደች እንቅልፏን ትታ።
ግራ ቀኝ ጫማዋን እንዳቀያየረች፣
አንዷን ጠጠር ቆንጥራ ሮጣ ተመለሰች።

«አክስቴ፣ ይሄ ድንጋይ ስፖንጅ ነው እንዴ?
ማነው የበሳሳው? በምን ዓይነት ዘዴ?»

ነገሩ ረጅም ነው፤ ነይ እዚህ ተቀመጪ፤
መጀመሪያ ግን ያንን ሻይሽን ጠጪ።
ሽሮ ሲንተከተክ አላየሽም ድስቱ፣
ቡፍ እያለ ሲረጭ እስከ ግድግዳይቱ?
ከምድር ሆድ ውስጥም ድንጋይ ቀልጦ ይፈላል፣
መውጫ ያገኘ ለት ቡፍ ብሎ ይተፋል።
አየር እንደያዘ ተበትኖ ሰማይ፣
ይቀዘቅዛል፤ ቀዳዳው ይኸው እጅሽ ላይ።
የተፋው ሲከመር፣ ሲደራረብ ኋላ፣
እንደዚያ ነው የረር፣ እንዲያ ነው ዝቋላ፤
እሳት በተፋበት ባፉ ውሃ ሞላ።

«ታዲያ ጋራ ሁሉ ሽሮ ነው?»

አይደለም። ምንጣፉን ከዳር ያዢውና
ግፊው ወደ ግድግዳ፣ እስቲ በርቺና።
አየሽ? ተጨማደደ፣ ጉብ ጉብ አለ። ህንድም
እስያን ስትገፋ እንዲሁ ነው፤ ግን አትሮጥም፣
ጥፍርሽ በሚያድግበት ፍጥነት ነው፣ ቀስ ብላ፤
ከደመና በላይ ሂማላያን አውላ።

ይሄን ዳቦ ደግሞ ግራና ቀኝ ሳቢው።
መሀሉ ሰመጠ፤ ከፍ ብሎ ቀረ ዳሩ ነው።
የሞጆ መኪና ቁልቁል የሚወርደው፣
መሬቱ ሲለያይ መሀሉ ሰምጦ ነው።

ማታስ ብርድ ልብስሽን ጉልበትሽ ሲያነሳው?
እንዲያ ያበጠም አለ፣
የቀለጠው ድንጋይ ከታች እየገፋው፣
ቆዳውን ሳይበሳው።

ዝም አለች። ዳቦውን በላችው፣ ጋራ ሳይቀር።
ከዚያ በመስኮቱ አየች ወደ ክምር።

«ያኛውስ? ማን ሠራው?»
                        ሞሲሳ ነው እሱን፣
ከኮረብታው ቆርሶ፣ ጭኖ መኪናውን።
ግን አይቆይም፤ ቅዳሜ ብሎኬት ይሆናል፤
ይሄ ግድግዳችንም ከዚያው ተሠርቷል።

ማታ ላይ አየኋት፣ ጆሮዋን አስጠግታ፣
ከራስጌዋ በኩል ግድግዳውን መትታ፣
«እሳት ነበርክ አይደል?» ትላለች ቀስ ብላ።

መልስ አልሰጣትም።
እሷም አልከፋትም፤ ጉልበቷን አጠፈች፣
ብርድ ልብሱ ሥር ትንሽ ጋራ ሠርታ
ጠጠሯን አቀፈች።