ሰባ ስድስት ዙር

ሦስት ዓመት በግቢ፣ ሞተር ማለት ለኔ
ሰሌዳ ላይ ያለ ክብ ነበር ለዓይኔ፤
ሦስት ቀስት ከመሐል በእኩል የተሳሉ፣
በፈተናው ማግስት ዳስተር ሲነካቸው አቧራ የሚያህሉ።

የልምምድ ወር መጣ። ጓደኞቼን ዕጣ
ወደ ነፋስ ኃይሉ፣ ወደ ኮረብታው ሲያወጣ፣
እኔን ወርውሮ ጣለኝ ከአዳማ ገበያ ጀርባ፣
ሳይጎነብሱ በሩ ከማያስገባ፣
ቫርኒሽ ከሚሸት የቆርቆሮ ቤት፤
«ሞተርና ዲናሞ እንጠቀልላለን» በቀይ ቀለም ከተጻፈበት።

«ምን ታውቂያለሽ ሲፈን?» አሉኝ ኦቦ ጉርሜሳ።
አራት እኩልታ ወረድኩላቸው፣ አንድም ሳልረሳ።
እሳቸው ዝም ብለው ክዳኑን ፈቱና፣
«ነይ አሽትቺው» አሉኝ፣ ባትሪ አበሩና።
ሁለቱ ጥቅል ከስሏል፤ ሦስተኛው ገና ያበራል።
«ከሦስቱ ሥራ ያቆመው የቱ ይመስልሻል?»
ያረሩትን ጠቆምኩ። «ስሕተት» አሉ ስቀው፤
«ንጹሑ ነው የቆመው፣ መስመሩ ተቋርጦበት።
ሁለቱ ነደዱ የሱንም ሸክም በወገባቸው ታጥቀው።»

ዝም አልኩ።
ያለፈው ሴሚስተር ትዝ አለኝ፤ ምንታምርና ቶልቻ
ሌሊቱን ሲበይዱ፣ እኔ ከሪፖርቱ ላይ ስሜን ብቻ።
ሦስታችንም «ኤ» አገኘን።
እጄ ንጹሕ ነበር።

ሽንኩርት አብቃዩ ከወንጂ መጥቶ ደፍ ላይ ተቀምጧል፤
«ማሳዬ ውሃ ካየ ሦስት ቀን አልፎታል፣ ቅጠሉ ቢጫ ወጥቷል።»
መዳቡን እጠቀልላለሁ፤ ሠላሳ ዘጠኝ፣ አርባ፣
ባጃጅ ጡሩምባ ነፋ፣ አቧራ ይዞ ነፋስ ገባ፣
አርባ አንድ ነበር? አርባ ሁለት?
«ጠፋሽ? ፍቺው» አሉኝ። ፈታሁት።
ደግሜ ፈታሁት። ሦስተኛው ላይ ጣቴ ደማ፣
ሰባ ስድስት ስል ድምፄ ለራሴም ተሰማ።

ልንሞክረው ስንል መብራት ሄደ።
ጎረቤቱ ሁሉ «ኤጭ!» ብሎ፣ ዱካውን ይዞ ወደ ደጅ ወረደ።
እኛም በጨለማ፤ ሰውየው ስለ ሽንኩርት ዋጋ ሲያወራ፣
ከሩቁ ኮረብታ ቀያይ መብራቶች ሲጠቃቀሱ በተራ።

ሲመጣ፣ ሞተሩ አንዴ ተንቀጠቀጠና ዜማው ቀና።
ክላምፑን በየሽቦው አጠለቅሁ፤
አምስት። አምስት። አምስት።

ኦቦ ጉርሜሳ ምንም አላሉ፤ ለቫርኒሹ ማስለቀቂያ
ቤንዚን በቆርኪ አቀበሉኝ።
ሰውየው «ቀንሱልኝ እንጂ!» ብሎ ክርክር ጀምሯል።
እጄን ሳልታጠብ፣ በአንድ በኩል እኔ፣ በአንድ በኩል እሱ፣
ሞተሩን ይዘነው ወጣን እስከ ባጃጁ።