ሦስት ሰከንድ

ዝናብ ነው ኩታይሲ፤ የሪዮኒ ወንዝ ደፍርሶ ይወርዳል፣
የጋራዤ ቆርቆሮ ከሌሊት ጀምሮ ብቻውን ያወራል።
ጺሳና መጣች፣ አዋላጇ፣ ጃንጥላ አልያዘችም፣
ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው እንጂ እንደምን አደርክ አላለችም።
«ማልኻዝ፣ ያንኳኳል» አለች፤ «ጠዋት ጠዋት ሳስነሳው፣
ሦስት ሰከንድ ብቻ። ከዚያ ጸጥ ይላል፣ ምንም እንዳላጠፋ ሰው።»

እንዴት ያንኳኳል?
ሞተሩን ካወረድኩት ገና አሥር ቀኑ ነው፤
ቴስታታውን አስልጬ፣ ባልቦላውን ፈትጌ፣ ብሮንዚናውን ቀይሬ የገጠምኩት እኔ ነኝ፤
ካቴናውም አዲስ፣ መወጠሪያውም አዲስ፣ ደረሰኙም አለኝ።
«የታደሰ ሞተር» አልኳት፣ «አዲስ ጫማ ማለት ነው፤
እግር እስኪለምደው ትንሽ ቢንጫጫ ወጉ ነው።»

እሷ ግን ሠላሳ ዓመት፣ በሴቶች ሆድ ላይ፣
በእንጨት ጥሩምባ ጆሮዋን ደፍታ፣
በገጠር ጨለማ፣ በሻማ፣ በበረዶ ማታ፣
ያልተወለደ ልብ ስትቆጥር ነው የኖረችው።
የጫማዬን ወሬ አስጨረሰችኝና፣
«ኮፈኑን ክፈተው» አለችኝ፤ «ክፈተው።»

ትኩስ ሞተር ውሸታም ነው። ይደር አልኩ፤ አደረ።
ማልዳ ስትመለስ ኦታር ቁልፉን አዞረ።
«ይኸው!» አለ ልጁ። «ይኸው!» አለች እሷ።
እኔ ዝናቡን ሰማሁ።
ቺንጊያው ሲዞር ሰማሁ።
ሌላ ምንም።

ሁለት ዓመት ሆነን፣ እኔና ቀጫጭን ድምፆች ከተኳረፍን፤
መጀመሪያ ወፎቹ ሄዱ፣ ቀጥሎ የሻይ ማንኪያ፣ ቀጥሎ የስልኬ ጥሪ።
ሚስቴ ታውቃለች። ኦታር አያውቅም።
መካኒክ ዓይኔ ደከመ ይላል፤ መነጽር ገዝቶ ይገባል፤
ጆሮዬ ከዳኝ ብሎ ግን ለየትኛው ደንበኛ ይናገራል?

ረጅሙን ካቻቢቴ አነሳሁ።
ሌላው ሰው እጀታውን ጆሮው ላይ ይደግናል፤
እኔ በመንጋጋዬ ነከስኩት።
በሦስት ሰከንድ አንድ ቦታ እንጂ ሁለት አይነካም፤
ስለዚህ ነካን፣ አጠፋን፣ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን።
ጺሳና ባዶ ጀሪካን ላይ ተቀምጣ
ስለ መንታ ልጆች አጫወተችን፣
አንደኛው የሌላውን ተረከዝ ጨብጦ ስለወጣ።
ከላይ፣ በባልቦላው ክዳን፦ ጸጥ።
ማታ፣ በውሃው ፓምፕ፦ ጸጥ።
በማግስቱ ከጎን፣ መወጠሪያው ባለበት፦
ጥርሴ ተናገረ።
ከከከከከ፣ በብረቱ መጥቶ፣ በአጥንቴ ወጥቶ፣
እስከ ግንባሬ ድረስ፣ በቀጭኑ፣
ሁለት ዓመት ያልሰማሁት ዓይነት።

ፈታነው። መወጠሪያውን ወደ መብራቱ አዞርኩት።
ዘይት የሚገባባት ቀዳዳ፣ የመርፌ ዓይን የምታክል፣
ግማሿ በሲሊኮን ተደፍና፤
ግራጫ፣ እንደ ክር የቀጠነ፣ ሲገጠም ተጨምቆ የገባ።
ዘይቱ በዚያች ቀዳዳ እያነከሰ እስኪደርስ
ካቴናው ላልቶ ግድግዳ ይመታል፤
ለካ ክፈቱልኝ ብሎ ነው ያንኳኳ።

ኦታር ቀላ።
«እኔ ነኝ?» አለ። «ያን ቀን እኔ ነኝ የቀባሁት?»

ልጁን ያን ቀን ዳቦ ልኬው ነበር።
ቱቦውን የጨመቀው ይሄ አውራ ጣት ነው።
ጺሳና ታየኛለች፤ ቆርቆሮው ያወራል፤
ዝም አልኩ።
አንድ።
ሁለት።
አንድ የላላ ነገር ከውስጤ ግድግዳ ሲመታ
እሱን ግን በደንብ ሰማሁት።
«እኔ ነኝ» አልኩ። «ጆሮዬም አይሰማም።»

«ጥርስህ ግን ደህና ነው» አለችኝ ጺሳና፤ ሌላ አልጨመረችም።

በሦስተኛው ቀን፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ ቁልፉን አዞርን።
እኔ ሞተሩን አላየሁም፤
የኦታርን ፊት ነበር የማየው፣
ቅንድቡ ከፍ ይል እንደሆነ።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤
ልጁ አዛጋ።