ቃል የሌለው መዝሙር

ከቧንቧ ውሃ ዳገት፣ ከወፍጮ ቤቱ ሥር፣
የዘሀራ ዲሽ ቤት፣ የቆርቆሮ አጥር፤
በሩ ላይ የቆምኩት፣ ትኬት ቆራጩ እኔ፣
ዝርዝር ብር በኪሴ፣ ዱላዬ በጎኔ።
ዛሬ የንጉሡ ዋንጫ ፍጻሜ ነውና
ከሆጤ ወጣብን የሰው ደመና።
ጦሳ ጉሙን ለቆ ሰፈሩ ሲጨልም፣
ዝናብ ዲሹን መትቶ ምስሉ ሲያዘግም፣
ሁሉም ሰው ባርሳ ነው፤ ለቢልባኦ ማንም።

ጋሽ አበጋዝ መጣ፣ ኮቱን ቆላልፎ፣
በዚያ ሁሉ ጭቃ በከዘራ ተደግፎ።
ሠላሳ ስምንት ዓመት በትምህርት ቤት ግቢ
የባንዲራ ገመድ ጧትና ማታ ሳቢ፤
ሦስት መዝሙር ያውቃል ከነዜማ ከነቃል፣
አንዱን ሲያስጥሉት ሌላ ያስጠኑታል፣
ያው ገመድ፣ ያው እንጨት፣ ጨርቁ ይቀየራል።

«ልጄ» አለኝ በበሩ፣ ሃያ ብሩን ሰጥቶ፣
«እስፔን ንጉሥ አላት? እስካሁን በርትቶ?»
«አላት።»
«ይፈርዳል ወይ?»
«ፈራጅ ሌላ አለ።»
«ያዛልስ?»
«ፓርላማው ነው።»
ቆመ፣ አሰላሰለ።
«ታዲያ ምን ይሠራል?»
«ዋንጫ ይሰጣል» አልኩት።
«ጠጅ አለው ዋንጫው?»
«ባዶ ነው» መለስኩት።
«ባዶ ዋንጫ ሰጥቶ…» እያለ አስቀመጥኩት።

ጥሩምባው ሲነፋ፣ ከበሮው ሲያጓራ
ጋሽ አበጋዝ ብድግ፣ ከፊተኛው ተራ፣
ቆቡን በደረቱ፣ እንደ ድሮው ሥራ።
«ተቀመጥ!» «ከለልከን!» «ኧረ ሽማግሌው!»
ከኋላ ይጮኻሉ፤ እሱ መች ሰማቸው፣
ዓይኑ ከአፋቸው ላይ፣ ከከንፈራቸው።

አንዱም አልዘመረ።

«ምነው?» አለኝ ዞሮ፣ ድምፁ እየሰለለ፣
«ግጥሙን አላጠኑም? አስጠኚስ የለ?»
«ቃል የለውም ጋሼ፤ ዜማ ብቻ ነው እሱ፣
ሊገጥሙለት ሞክረው፣ ባንድ ቃል ሳይደርሱ
ተዉት አሉ።»
ያኔ ከስታዲየሙ ፉጨት ተነሣ፣
እንደ ነሐሴ ጎርፍ ቦርከና አገሣ፤
በገዛ አገሩ መዝሙር፣ ንጉሡ እያዩት፣
ያፏጫል ሕዝቡ፣ ዜማው እስኪጠፋበት።
«ዛሬ ይታሰራሉ?» አለኝ ዝቅ ብሎ።
«እኔ እንጃ፤ ክለቡ ይቀጣል ከፍሎ።»
«በብር?»
«በብር ጋሼ።»
«በብር ብቻ» አለ፤
እንደ ሰማ ሳይሆን፣ እንደ ተሳለ።

ከዚያ ባልጠየቅኩት፣ በማያገባኝ ነገር፣
ዓይኑን ከቲቪው ሳይነቅል ጀመረ መናገር።
«ያኔ በሁለተኛው፣ በቀዩ መዝሙር ጊዜ፣
አንድ ልጅ ነበረ፣ ዓይኑ ሁሉ ትካዜ፣
ዘጠነኛ ለ ነው፣ የሸዋዬ ደምሌ ልጅ።
ሺህ አፍ ሲከፈት የሱ ብቻ ዝግ ነው።
"ማነው ያልዘመረው?" አለኝ ካድሬያቸው።
ሁለት እጄ ገመድ ላይ፤ ጣት አላነሣሁም፣
አፌን አልከፈትኩም፣ ስሙን አልጠራሁም፣
በአገጬ ብቻ፣
እንዲህ።»

አሳየኝ። አገጩ በቲቪው መስታወት
አረፈ፣ አፉን በዘጋ አንድ የቢልባኦ ልጅ ፊት።

ዳኛው ፊሽካ ሳይነፋ፣ ዝናቡ ሳያባራ፣
ጋሽ አበጋዝ ወጣ፤ ብሩን አልጠየቀ፣ ስሜን አልጠራ፣
ከዘራውን ረስቶ ከፊተኛው ተራ።

ተከትዬው ሮጥኩ፣ ከዘራውን ይዤ፣
እስከ ወፍጮ ቤቱ፣ ባሳብ ደንዝዤ።
ጨለማው ውስጥ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፤
ያፏጫል ሽማግሌው።
በኛ አገር የሌሊት ፉጨት ጂኒ ይጠራል ይላሉ፤
እሱም ያንን ያውቃል፣ ያፏጫል።
ከሦስቱ የቱ ነው? ወይስ ያ ቃል የሌለው?
ወይስ መዝሙርም አይደለም፣ ፉጨት ብቻ ነው?
ጆሮዬን ሳቀና ዲሽ ቤቱ ከኋላ
«ጎል!» ብሎ ተናደ፤ ቆርቆሮው ተንኳኳ።
ማን እንዳገባ እስካሁን አልጠየቅኩም።