የሎሚዋ ቅጠል ጀርባ

ራስ አል ኸይማ፣ ሐምሌ፣ ሊነጋጋ ሲል፤
ግንቡ የትናንቱን ሙቀት ገና ይተነፍሳል።
ከማቀዝቀዣው ቱቦ ጠብ ጠብ ያለውን ውሃ
በእርጎ ባልዲ አጠራቅሜ
ለሎሚዋ ሳጠጣ፣ እንደ ልማዴ ቆሜ፣
አንዱን ቅጠል ገልበጥ ባደርገው፣
ጀርባው ላይ ሰው አለ ልል ምንም አልቀረኝ።

አንዲት ብቻዋን፤ ቢጫ፣ ክብ፣ የመርፌ ጭንቅላት የምታህል።
በሚቀጥለው ቅጠል አሥራ አራት ትንንሽ በርሜል
ክዳን ክዳናቸውን ደፍተው፣
ሱቅ በር ላይ እንደሚደረደር የጋዝ ሲሊንደር።
ከዚያ ወደ ጫፉ፣ ይኼ ነው የገረመኝ፣
በፀጉር ዘንግ ላይ የቆሙ ነጫጭ ነጥቦች፤
ትንፋሼ ሲደርስባቸው የሚወዛወዙ።

«ቅጫም!» አልኩ በአማርኛ፣ ሰሚ በሌለበት።
ሌላ ቃል አልያዝኩም ከእናቴ ጉልበት፤
ራሴን አስደፍታ በሁለት አውራ ጣት
ጧ! ስታደርገው ነው ያወቅሁት እንቁላልን።
አባቴ ግን የበቆሎ ቅጠል አንባቢ ነበር፤
«ተምች ሲጥል ጠጉር ያለብሳል፣ ልጁን ብርድ እንዳይነካ።
ጠጉር ካየሽ ጥሪኝ፤ ካላየሽ እለፊ።»
ይኼ ጠጉር አለበሰም፣ ጠጉር ላይ ነው የቆመ፤
የአባቴ ትምህርት እዚህ ላይ አከተመ።

እማማ ሞዛን ጠየቅኋት።
ቁርኣን የምታነብበትን አጉሊ መነጽር ይዛ
በተሽከርካሪ ወንበሯ ወጣች፤
አንድ ቅጠል ላይ ሁለታችን ጎነበስን፣
ግንባሯ ግንባሬን ነካ።
ሦስት ዓመት አጥቤያታለሁ፤ እንዲህ ግን ቀርባኝ አታውቅም።
«በይድ» አለች። እንቁላል።
«የማን?» ስላት፣ «የእናቱ!» ብላ
ሳቋን ሳትጨርስ ሳል ያዛት።

ጉልዛር ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል፣ መርጫውን አዝሎ፤
ስም አይጠይቅም እሱ፣ ሁሉንም «ኪራ» ብሎ
ያጥባቸዋል በመርዝ።
እኔንም «ሲስተር» ይለኛል። እመቤቲቱ «ኑራ»፤
ካለፈችው ሠራተኛ ከነአልጋዋ የወረስኩት ስም ነው።
ወርቅያንሻት የሚለው መታወቂያዬ ላይ አለ፣
መታወቂያዬ ደግሞ የሆነ መሳቢያ ውስጥ።

ከመምጣቱ በፊት ሦስቱን ቅጠል ቀጠፍኩ፤
በሻይ ብርጭቆ፣ አፉን በጨርቅ አስሬ፣
ከልብስ ማጠቢያው በላይ ደበቅኩ።
ሐሙስ መጣ፤ ሎሚዋን መርዝ አለበሳት።
ዓርብ ቢጫዋ ጠቆረች።
ቅዳሜ ሸሚዝ ስተኩስ አየሁት፤
የወፍ ኩስ የመሰለ ትል፣ ጥቁርና ነጭ፣
ወደ ወጣበት ዞሮ ግድግዳውን ይበላል።
መጀመሪያ ቤቱን፣ ከዚያ ነው ቅጠሉን።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያሉ አሳደጉኝ፤
ስንት እግር እንደሚያበቅል ግን አልነገሩኝ።
ቆጠርኩ። ስድስቱ የራሱ፣
ከኋላ ያሉት ደግሞ ብድር የሚመስሉ።
እማማ ሞዛ አጉሊዋን አስጠግታ፣ «ይኼንማ አውቀዋለሁ፤
የሎሚ ቢራቢሮ! በልጅነቴ፣ በአባቴ እርሻ፣
ጥቁሩ እንደ ሻሼ...» አለችና ዝም አለች።

ባለ ዘንጎቹ እሑድ ወጡ፤
ጥርሳሞች፣ ከአካላቸው መንጋጋቸው የሚበልጡ።
ጉልዛር ከሚረሳት ከጓሮዋ ጽጌረዳ
ክሽክሽ ብወረውርላቸው አንድ በአንድ መጠጡ።
ለካ እስከ ዛሬ የሚገድለው
የገዛ ረዳቶቹን ነው።

በርሜሎቹ ግን ቆዩ። ግራጫ ሆኑ፣ ከዚያ ጥላሸት።
ትናንት ማታ በሳህን ማጠቢያ ሰዓት
ክዳናቸው ተቀደደ፤
ከነጠላ ሰረዝ ያነሱ፣ ጥቋቁር፣ ክንፋሞች።
እንቁላሉ የአንዷ፣ የወጣው የሌላ።
ማን መቼ ሾልኮ እንደገባ
እማማ ሞዛም አላወቀችም፣ አጉሊውም አልነገራት።
ስም ሳጣላቸው የራሴን አዋስኳቸው፤
እዚህ ቤት ሥራ የፈታ ስም ነው።

ዛሬ ረቡዕ።
ጥርሳሞቹን ለጽጌረዳዋ አስረከብኩ።
ትሉ ከሎሚ ሌላ አይቀምስም፣ የእኛዋ መርዝ ለብሳለች፤
የጎረቤት ሎሚ ከግንቡ ማዶ ትታያለች፣
ግንቡ ከእኔ በሁለት ክንድ ይረዝማል።
ባልዲውን ደፍቼ ወጣሁበት።
ጨርቁን ስፈታ
ክንፍ ያላቸው አልጠበቁኝም።